የሰኞ ማታ ሳቅ የት ገባ?

የጥቁር አሜሪካውያን ሲትኮም፣ ማለትም ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ፣ ከአሜሪካ ትልልቅ ጣቢያዎች ለምን ጠፋ ብላችሁ ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ የታወቀ ነው። ዘመኑ አለፈበት፣ ሰው ሰለቸው፣ ተመልካቹ ወደ ሌላ ሄደ። ይህ መልስ አይዋጥልኝም። ያደግኩት እነዚያን ፕሮግራሞች እያየሁ ነው። ከፍ ስል ደግሞ ማን እንዳመጣቸውና ማን እንዳባረራቸው ማንበብ ጀመርኩ። ተመልካቹ የትም አልሄደም። ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነበር።

አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ትከራያለህ። በገዛ ገንዘብህ ኮርኒስ ታሠራለህ፣ ቀለም ትቀባለህ፣ የበሩን ቁልፍ ትቀይራለህ። ቤቱ ቤት ሲመስል አከራይህ ብቅ ይሉና «ልጄ ከውጭ ልትመጣ ነው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቅልኝ» ይሉሃል። ፎክስ፣ ዩፒኤንና ደብሊውቢ የሚባሉት ጣቢያዎች ጥቁር ኮሜዲን የያዙት እንደዚያ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ እገባለሁ፤ መጀመሪያ ግን ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጅማሬው ራሱ ጠማማ ነበር። «ኤሞስ ኤንድ አንዲ» ከ1928 ጀምሮ በሬዲዮ ሲተላለፍ የጥቁሮቹን ድምፅ የሚያወጡት ሁለት ነጮች ነበሩ። ሲቢኤስ በ1951 ወደ ቴሌቪዥን ሲያመጣው ጥቁር ተዋናዮች ቀጠረ። ቀልዱ ግን ያው የድሮው ቀልድ ነው፤ ጥቁር ወይ ሰነፍ ነው ወይ አታላይ። አንጋፋው የመብት ማኅበር ኤንኤኤሲፒ አጥብቆ ተቃወመ፣ በ1953 ምርቱ ቆመ። ከዚያ ለዓመታት ጭር አለ። በ1968 ዳያን ካሮል «ጁሊያ» ላይ ባሏ ቬትናም የሞተባት ነርስ ሆና ስትመጣ፣ ጥቁር ሴት የቤት ሠራተኛ ሳትሆን ዋና ገጸ ባሕርይ መሆኗ ብቻውን ዜና ነበር።

ሰባዎቹ ላይ በሩ ተከፈተ። በ1972 «ሳንፎርድ ኤንድ ሰን» በኤንቢሲ፣ በ1974 «ጉድ ታይምስ»፣ በ1975 ደግሞ «ዘ ጀፈርሰንስ» በሲቢኤስ። ሦስቱም ላይ የነጩ ፕሮዲውሰር የኖርማን ሊር እጅ አለበት። «ጉድ ታይምስ»ን የፈጠሩት ግን ኤሪክ ሞንቴና ማይክ ኢቫንስ የሚባሉ ሁለት ጥቁሮች ናቸው። ቺካጎ ውስጥ መንግሥት ለድሆች በሠራው ፎቅ ላይ የሚኖር ቤተሰብ ታሪክ ነው። እናትየዋን የምትጫወተው ኤስተር ሮል ገና ከመነሻው አንድ ነገር ላይ ሙጭጭ አለች። ባል ይኑረኝ፣ ልጆቹም አባት ይኑራቸው አለች። በጥቁር ቤት አባወራ የለም የሚባለው ወሬ እዚህም እንዲደገም አልፈለገችም። ጆን ኤሞስ አባት ሆኖ ገባ።

ከዚያ ትልቁ ልጅ ጄጄ «ዳይናማይት!» ማለት ጀመረ። ሰው በሳቅ ፈነዳ። ደራሲዎቹ ሳቁን ሰሙና ልጁን ወደ ፊት አመጡት፤ አባትና እናት ወደ ኋላ ተገፉ። ሮል በ1975 ለኢቦኒ መጽሔት ሳትደብቅ ተናገረች። ይህ ልጅ ሥራ የለው፣ ማንበብና መጻፍ አይችል፣ ምን ልናሳይበት ነው የሚል ነበር ንግግሯ። ኤሞስም ከደራሲዎቹ ጋር መጋጨቱን አላቆመም። በሦስተኛው ሲዝን መጨረሻ ተሰናበተ። በ1976 አራተኛው ሲጀመር አባትየው በመኪና አደጋ ሞተ ተባለ።

ይህን ክፍል በድጋሚ ስርጭት ያየሁት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አክስቴ ቤት ነው። አክስቴ ፓርኪንግ ሁለት ሺፍት ትሠራ ነበር። እንግሊዝኛዋ ለደንበኛ ይበቃል፣ ለሲትኮም አይበቃም። ኤስተር ሮል ከቀብር መልስ እንግዳ ስታስተናግድ፣ ፈገግ ስትል፣ ሳህን ስታነሳ አየቻትና «ይቺ ሴትዮ ምን ነካት? ለምን አታለቅስም?» አለችኝ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ልጆችም ግራ የገባቸው ያው ነገር ነበር። በመጨረሻ እንግዳው ሁሉ ሲወጣ ሮል መጠጡ የቀረበበትን ትልቅ የብርጭቆ ጎድጓዳ ሳህን አነሳችና መሬት ላይ ከሰከሰችው። ጮኸች። አክስቴ የሥራ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ሆና «እሰይ! አውጪው!» አለቻት። እኔ ለመተርጎም አፌን ከፍቼ ነበር። በእጇ ዝም አሰኘችኝ።

«ዘ ጀፈርሰንስ» ደግሞ 11 ሲዝን፣ 253 ክፍሎች ሄደ። በ1985 ሲቢኤስ አቆመው፤ መሰናበቻ ክፍል እንኳ አልተሠራለትም። ዋናው ተዋናይ ሸርማን ሄምስሊ መቆሙን ያወቀው ከጋዜጣ ነው ይባላል። ይህችን ያዙልኝ። ሳያሰናብቱ ማስወጣት በኋላ ወግ ሆኗል።

አሁን ኮሜዲያኑ ቢል ኮዝቢ ወደሠራው «ዘ ኮዝቢ ሾው»። በ1984 ኤንቢሲ ከሦስቱ ጣቢያዎች ሦስተኛ ነበር። ኤቢሲ ሐሳቡን ቀድሞ አልፈልግም ብሎታል። ኤንቢሲ ምን የሚያጣው ነገር አለ? በሴፕቴምበር 20 ማስተላለፍ ጀመረ። ሐኪም አባት፣ ጠበቃ እናት፣ አምስት ልጆች፣ ብሩክሊን ውስጥ ያማረ ቤት። ለአምስት ተከታታይ ሲዝን ከአሜሪካ ቴሌቪዥን አንደኛ ሆነ። ጣቢያው ከጭራ ወደ ራስ ወጣ። ሐሙስ ማታ የኤንቢሲ ርስት የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። የመጨረሻው ክፍል የተላለፈው ኤፕሪል 30 ቀን 1992 ነበር። ሮድኒ ኪንግ የሚባለውን ጥቁር ሰው የደበደቡት ፖሊሶች ነጻ በተባሉ ማግስት፣ ሎስ አንጀለስ እየነደደች። ከንቲባው ቶም ብራድሊ ሰዉ ውጭ ከሚወጣ ቤቱ ሆኖ ይህን እንዲያይ ለመኑ።

ስለ ቢል ኮዝቢ በኋላ የሰማነውን ሰምተናል። በ2018 በወሲብ ጥቃት ጥፋተኛ ተባለ። በ2021 የፔንስልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሂደቱ ጉድለት ምክንያት ፍርዱን ሻረው። ብዙ ሴቶች የተናገሩት ግን አልተሻረም። እኔ ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙን ማየት አልሆነልኝም። ከእሱ የተወለደውን «ኤ ዲፈረንት ወርልድ» ግን ዛሬም አያለሁ። በ1987 ሲጀመር ልፍስፍስ ነበር። በሁለተኛው ሲዝን ዴቢ አለን ስትረከበው ነፍስ ዘራ። የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረች ሴት ስለሆነች የጥቁር ኮሌጅ ግቢ ምን እንደሚመስል የሚነግራት ሰው አልፈለገችም። ሃዋርድ ማለት የዋሽንግተን ሐበሻ ከሚበላበትና ከሚጨቃጨቅበት ከዩ ስትሪት የእግር መንገድ ነው። ስንቶቻችን በዚያ አጥር አጠገብ መኪና እያቆምን ክትፎ በላን፤ ግቢው ውስጥ ምን እንዳለ ያየነው ግን በቴሌቪዥን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ብዙ የሐበሻ ቤት ውስጥ ለልጅ የሚሰጥ ምክር ነበር፤ ከጥቁሮቹ ጋር እንዳትገጥም። ወላጅ የሚያውቃቸው በምሽት ዜና በኩል ነው፣ ዜናው ደግሞ ካቴና ነው የሚያሳየው። ሳሎናቸውን፣ እራት ጠረጴዛቸውን፣ አባት ልጁን ሲቆጣ ያየነው በሲትኮም ነው። «ፍሬሽ ፕሪንስ» ላይ ጄምስ ኤቨሪ የሚጫወተውን ግዙፉን ጠበቃ አጎት አክስቴ «ጋሽ ፊል» ነበር የምትለው። «ወንድ ማለት ጋሽ ፊል» ትላለች። ልጁን ካርልተንንም ትወደው ነበር። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የከተተ፣ ጎበዝ ተማሪ፣ ታዛዥ። እኛን እንድንሆን የምትፈልገውን ነው።

የመጀመሪያው ሲዝን ላይ ካርልተንና አብሯቸው የሚኖረው የአክስቱ ልጅ ዊል በሰው መርሴዲስ ወደ ፓልም ስፕሪንግስ ይሄዳሉ። ካርልተን በቀስታ ስለሚነዳ ፖሊስ ያስቆማቸዋል። መኪና ሌቦች ተብለው ይታሰራሉ። ካርልተን አይደነግጥም። አባቴ ጠበቃ ነው፣ ነገሩን አስረዳቸዋለሁ፣ ሕጉ ይፈታናል ብሎ ያስባል። ወላጆቹ መጥተው ያስወጡታል። ቤት ከገቡ በኋላም ዊልን ይከራከረዋል፤ ፖሊስ ሥራውን ነው የሠራው ይላል። ከዚያ አባቱን ይጠይቃል። አንተ ፖሊስ ብትሆን እንዲህ ቀስ ብሎ የሚሄድ መኪና አታስቆምም ነበር? አባትየው ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ላይ ያስቆሙኝ ዕለት ያንኑ ጥያቄ ራሴን ጠይቄ ነበር ይለውና ደህና እደር ብሎ ይወጣል። ካርልተን ብቻውን ይቀራል። «እኔ አስቆመው ነበር» ይላል፤ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አይደለም።

ያንን ክፍል ከአክስቴ ልጅ ጋር ነው ያየነው። እሱ ካርልተን ነበር፤ ሸሚዙም ሳይቀር። እኛ ስደተኞች ነን፣ ሕግ አክባሪ ነን፣ ማን ምን ያደርገናል የሚል። መንጃ ፈቃድ ባወጣ በጥቂት ወር ውስጥ በአባቱ ካምሪ ሲመጣ አስቁመው እጁን ኮፈኑ ላይ አስደርገው ፈተሹት። ከየት ነህ ሲሉት ኢትዮጵያ አለ። ምንም አልለወጠም። ቤት ሲመጣ ያወራው ነገር የለም። እኔም አልጠየቅኩትም፤ ሁለታችንም ያቺን ክፍል አይተናታል።

ወደ ተከራዩ እንመለስ። ፎክስ በ1986 የተቋቋመ አዲስ ጣቢያ ነው። ሦስቱ ትልልቆች ያልፈለጉትን ተመልካች ፈለገ፤ የከተማ ልጅ፣ ወጣት፣ ጥቁር። «ኢን ሊቪንግ ከለር» በ1990፣ «ሮክ» በ1991፣ «ማርቲን» በ1992፣ «ሊቪንግ ሲንግል» በ1993። የመጨረሻውን የፈጠረችው ኢቬት ሊ ባውዘር የምትባል ጥቁር ሴት ናት። ብሩክሊን ውስጥ የሚኖሩ፣ ሥራ ያላቸው፣ ስለ ፍቅር የሚነታረኩ ስድስት ወጣት ጓደኛሞች። በዓመቱ ኤንቢሲ ማንሃተን ውስጥ የሚኖሩ፣ ሥራ ያላቸው፣ ስለ ፍቅር የሚነታረኩ ስድስት ነጭ ጓደኛሞች ይዞ መጣ። ሁለቱንም የሠራው ዋርነር ብራዘርስ ነው። ማን ከማን ቀዳ ብዬ ክርክር አልከፍትም። «ፍሬንድስ»ን ግን ቦሌ ላይ አንዱን አስቁማችሁ ብትጠይቁት ይነግራችኋል፤ «ሊቪንግ ሲንግል»ን ጠይቁትና ፊቱን እዩት።

በዲሴምበር 1993 ፎክስ የአሜሪካ ፉትቦልን መብት በ1.58 ቢሊዮን ዶላር ከሲቢኤስ ነጠቀ። ለአራት ዓመት ነው። ጉዳዩ ኳሱ ብቻ አልነበረም። ከኳሱ ጋር አዳዲስ አጋር ጣቢያዎች፣ የቢራና የመኪና ማስታወቂያ፣ ጠና ያለ ነጭ ወንድ ተመልካች መጣ። በ1994 ጸደይ «ሮክ»፣ «ኢን ሊቪንግ ከለር»፣ «ሳውዝ ሴንትራል» እና «ዘ ሲንባድ ሾው» ባንድ ላይ ተሰረዙ። የአከራዩ ልጅ ከውጭ መጣች ማለት ነው። «ማርቲን» እና «ሊቪንግ ሲንግል» ጥቂት ዓመት ቆዩ፤ አዲስ ግን ከበስተኋላቸው እንደ ቀድሞው አልተተከለም።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለው ሒሳብ ነው። ጣቢያ የሚኖረው በማስታወቂያ ነው። አስተዋዋቂው ተመልካች ብቻ አይቆጥርም፤ የትኛው ተመልካች ብሎ ይመርጣል፣ ለአንዱ ዓይን ከሌላው ዓይን የበለጠ ይከፍላል። በዘጠናዎቹ መጨረሻ በጥቁር ቤቶች ቀዳሚ ከነበሩት አንዱ «ዘ ስቲቭ ሃርቪ ሾው» ነበር። በነጭ ቤቶች ዝርዝር ላይ እሱን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ሌላም ነገር አለ። ጣቢያዎች የሚያስተላልፉትን ፕሮግራም ራሳቸው ባለቤት እንዳይሆኑበት የሚከለክል ደንብ ከ1970 ጀምሮ ነበር። በ1993 ላላ፣ በ1995 ጨርሶ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ከውጭ ሐሳብ ይዞ የሚመጣ ትንሽ ፕሮዲውሰር በሩ ላይ ቆመ። አንድ ፕሮግራም በድጋሚ ስርጭት በደንብ እንዲሸጥ ደግሞ ወደ 100 ክፍል መድረስ ነበረበት። ቶሎ ቶሎ የተሰረዘ ፕሮግራም ደራሲውም ተዋናዩም ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ገንዘብ አያዩትም።

በጃንዋሪ 1995 ደብሊውቢና ዩፒኤን በአንድ ሳምንት ልዩነት ተከፈቱ። ባዶ ቤት። ያው ተከራይ ተጠራ። «ዘ ዌያንስ ብሮስ»፣ «ዘ ጄሚ ፎክስ ሾው»፣ «ሞኢሻ»፣ «ዘ ፓርከርስ»፣ በ2000 ደግሞ የማራ ብሮክ አኪል «ገርልፍሬንድስ»። አክስቴ ኬብል አላስገባችም፣ በየወሩ ለምን እከፍላለሁ ትላለች። እኛ የጆሮ አንቴና ነበር ያለን። ዋሽንግተን አካባቢ ዩፒኤን በቻናል 20፣ ደብሊውቢ በቻናል 50 ይገቡ ነበር። ሰኞ ማታ ቻናል 20 ላይ ጥቁር ኮሜዲ ተራ በተራ ይመጣል። ማክሰኞ ትምህርት ቤት ያላየ ሰው ወሬ የለውም። እንግሊዝኛችን የተፈታው በመማሪያ መጽሐፍ ነው የሚለኝ ካለ በሰላም እሸኘዋለሁ።

በዚያው ሰሞን ትልልቆቹ ምን ያደርጉ ነበር? በ1999 መኸር ኤቢሲ፣ ሲቢኤስ፣ ኤንቢሲና ፎክስ 26 አዳዲስ ፕሮግራሞች አቀረቡ። በአንዱም ላይ ዋናው ተዋናይ ጥቁር አልነበረም፤ ነጭ ያልሆነ ሌላ ሰውም አልነበረም። የኤንኤኤሲፒው ክዌይሲ ምፉሜ እናሳድማለን ብሎ ሲነሳ ሹማምንት ተቀጠሩ፣ ስምምነት ተፈረመ፣ በየሐኪምና በየፖሊስ ድራማው ጥቁር ጓደኛ ተጨመረ። የጥቁር ቤት ሳሎን ግን እምብዛም አልተጨመረም። ደብሊውቢም ቀስ በቀስ ወደ ነጭ ጎረምሶች ድራማ ዞረ።

ከዚያ ጃንዋሪ 24 ቀን 2006 መጣ። ሁለቱ ጣቢያዎች ተዘግተው ሲደብሊው የሚባል አንድ ጣቢያ እንደሚሆኑ ተነገረ። «ሃፍ ኤንድ ሃፍ»፣ «ዋን ኦን ዋን» እና «ኢቭ» ወዲያው ተቆረጡ። «ገርልፍሬንድስ» ተሻገረች። በ2008፣ ከደራሲዎቹ አድማ በኋላ፣ ከ172 ክፍሎች በኋላ፣ ያለ መሰናበቻ ተቋረጠች። ስምንት ሲዝን የተከተልናት ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ጆን አገባች አላገባች ማንም አልነገረን። «ዘ ጌም» ደግሞ በ2009 ተባረረ። ተመልካቹ ሄዷል ለሚሉኝ ሰዎች የምጠቅሰው ይህንን ነው። ቢኢቲ የሚባለው የኬብል ጣቢያ «ዘ ጌም»ን አነሳው። በጃንዋሪ 2011 ሲመለስ 7.7 ሚሊዮን ሰው አየው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ያልፋል። በ2014 ኤቢሲ «ብላክ-ኢሽ»ን ይዞ መጣ፣ ስምንት ሲዝን ቆየ። ጎበዝ ፕሮግራም ነው። ግን በ2018 ስለ ሀገሩ ፖለቲካ የተሠራ አንድ ሙሉ ክፍል መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ ሰው ያየው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ኤንቢሲ ላይ «ዘ ካርማይክል ሾው» ከ2015 እስከ 2017 ነበር። ቲፋኒ ሃዲሽ ነበረችበት፣ አባቷ ኤርትራዊ ስለሆኑ የእኛው ልጅ እያልን እንፎክርባት ነበር። በ2020፣ ጆርጅ ፍሎይድ በተገደለበት በጋ፣ ኔትፍሊክስ «ሞኢሻ»ን፣ «ገርልፍሬንድስ»ን፣ «ዘ ፓርከርስ»ን ጨምሮ ሰባት የድሮ ሲትኮሞችን ገዝቶ ለቀቀ። ለዓመታት ዋጋ የላቸውም የተባሉት ድንገት ዋጋ አወጡ።

በ2021 መጨረሻ ደግሞ «አቦት ኤለመንተሪ» መጣ፤ በክዊንታ ብራንሰን፣ ፊላደልፊያ ውስጥ ያለ የድሃ ሰፈር ትምህርት ቤት። በጃንዋሪ 2024 ብራንሰን ኤሚ የሚባለውን ትልቁን የቴሌቪዥን ሽልማት በኮሜዲ ዋና ተዋናይት ስትወስድ፣ ከጀፈርሰንሷ ኢዛቤል ሳንፎርድ ወዲህ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች። ሳንፎርድ የወሰደችው በ1981 ነው።

«አቦት» በጣም ጥሩ ነው። የሚያስጨንቀኝም ያ ነው። ዛሬ በትልልቆቹ ጣቢያ ጥቁር ሲትኮም የሚቆየው ኤሚ የሚያሸልም ሲሆን ይመስላል። ነጮቹ ደከም ያለ ሲትኮም በየዓመቱ ያወጣሉ፣ አንዳንዱ ዓመታት ይኖራል፣ የነጭ ኮሜዲ አበቃለት የሚል ጽሑፍ ግን አላነበብኩም። በዩፒኤን ዘመን ጥቁሮቹም ይህ ዕድል ትንሽ ነበራቸው። «ሆምቦይስ ኢን አውተር ስፔስ» የሚባል ነገር ነበር፤ ሁለት ወጣቶች ጠፈር ላይ ይንከራተታሉ። ከአንድ ሲዝን አላለፈም፣ ማለፍም አልነበረበትም። «ዘ ፓርከርስ» ላይ ሞኒክ፣ በኋላ ኦስካር የወሰደችው ሞኒክ፣ አምስት ሲዝን ሙሉ አንድ ፕሮፌሰር ስታሳድድ ኖረች። እሱ ይሸሻል፣ እሷ ትከተላለች። እውነቱን ለመናገር ቀልዱ በሁለተኛው ሲዝን አልቋል። እኛ ግን አምስቱንም አየን። አክስቴ «ያገባታል» ትላለች፣ ልጇ «በፍጹም» ይላል፤ በየሰኞው ይነታረካሉ። በ2004 የመጨረሻው ክፍል ላይ አገባት።